የተተለተሉት ወንበሮች

የአውቶቡስ ወንበር ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ወስፌ» ይላታል። ምላሷ እንደ መሣሪያዋ የሰላ ነው፤ ስትቀርቧት ግን ሆደ ቡቡ ናት።

አንድ ጠዋት አንድ ሾፌር አውቶቡሱን ደጇ አቁሞ እየተንጨረጨረ ገባ። የኋላ ወንበሮቹ በምላጭ ተተልትለዋል። ይህን ያደረገችው ልጅ እጅ ከፍንጅ ተይዛ ፖሊስ ጣቢያ ናት።

«ትታሰር! እስር ቤት ስትገባ ልብ ትገዛለች» አለ።

እትዬ ወስፌ መቀሷን አስቀመጠች። ታናሽ ወንድሟ በልጅነቱ የሰው ብስክሌት ወስዶ ሲንሸራሸር ተይዞ ታስሮ ነበር። ሳቂታ ሆኖ ገብቶ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ሆኖ ወጣ። ውሎውም እዚያ ካገኛቸው ጋር ሆነ። እናታቸው በሱ ነገር እንደተብሰለሰለች አለፈች።

«ተነሳ፣ ጣቢያ እንሂድ» አለችው።

«የምን ጣቢያ? ወንበሬን ስፊልኝ እንጂ!»

«ካልሄድን ክር አላስገባም።»

እያጉረመረመ ተከተላት።

ልጅቷ አግዳሚ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች፤ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት።

«ለምን ቀደድሽው፣ የኔ ልጅ?» አለቻት እትዬ ወስፌ።

ልጅቷ ያየችው ሾፌሩን ነው። «እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። እጃችንን እያውለበለብን ጥሎን ሄደ። በከዘራ ስለምትሄድ ቶሎ መራመድ አትችልም፤ ሁልጊዜ እንደዚህ ያደርጋታል።»

ሾፌሩ ባለ ከዘራዋን ሴት ሳያስታውሳት አልቀረም።

«ያም ሆኖ ጥፋት ጥፋት ነው» አለ ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ፖሊስ።

«ማን አይደለም አለ? የቀደደችውን እኔ ዘንድ መጥታ ራሷ ትስፋው። ሕጉ ለልጅ እንዲህ ያለ በር የለውም እንዴ?»

«አለው እትዬ። ግን ዋስ ያስፈልጋታል፤ ተበዳዩም መስማማት አለበት።»

«ዋሷ እኔ ነኝ።»

ሁሉም ወደ ሾፌሩ ዞሩ። ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። «እሺ… ግን አሳምራ ትስፋው» አለ።

ሥራው የዋዛ አልነበረም። የመጀመሪያው መስመር እንደ እባብ ተጣመመ።

«ይሄ ስፌት ሰክሯል፤ ፍቺው» አለች እትዬ ወስፌ።

ልጅቷ ፈታ ደግማ ስትሰፋ መርፌው ጣቷን ወጋት። «እስር ቤት ይሻለኝ ነበር!» ብላ አለቀሰች።

እትዬ ወስፌ ጣቷን በጨርቅ እየጠቀለለችላት የወንድሟን ነገር አጫወተቻት። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ መርፌውን አነሳች።

ወንበሮቹ ሲያልቁ ሾፌሩ መጣ። ስፌቱን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ልጅቷን ግን ቀና ብሎ ማየት ከበደው።

«እናትሽ ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«ፌርማታው ላይ እጠብቃታለሁ።»

«ቀስ ብላ ነው የምትመጣው።»

«ቀስ ትበላ!»

መርማሪውም ጉዳዩን ክስ ሳይመሠረት ዘጋው። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ስፌት ቤቱ ብቅ አለች።

«አሁን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለች እትዬ ወስፌ።

«ክሩ እንዳይወሳሰብብዎት ብዬ ነው።»

እትዬ ወስፌ ሳቋን ደብቃ ጠጋ አለችላት።