የሽንት ጨርቅ ዘበኛ

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ናቲ ሮተርዳም ቤቱ ጠርቶኝ ሄድኩና፣ ገና ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ የአምስት ወር ልጁን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ትምህርት ይሰጠኝ ጀመር። «ኬይክ፣ እዪ፣ ይሄ ውጪው ነው፣ ኦቨርብሩክዬ ይባላል፣ ውኃ አያሳልፍም። ይሄ ደግሞ ውስጥ የሚገባው ጨርቅ ነው። ሲረጥብ ውስጡን ብቻ ትቀይሪያለሽ፤ ዱስ፣ ስለዚህ ውጪው ቶሎ ቶሎ አይታጠብም» አለኝ፣ ነገሩን ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ደረቱን ነፍቶ። ውጪው ቀበሮ የታተመበት፣ ወገቡ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚሉ ቁልፎች የተደረደሩለት፣ በእኔ ልክ ቢሠራ እለብሰው ነበር የሚያሰኝ ነው። ተጠቅመው የሚጥሉት ዳይፐር ለምድርም ለልጅም እንደማይበጅ፣ እሱና ሚስቱ ወራት አንብበው እንደወሰኑ ሲያስረዳኝ ሳቄን ዋጥ አድርጌ አዳመጥኩት፤ ምክንያቱም ይህ ሰው በተወለደ በማግሥቱ ከገላ መታጠቢያ መጋረጃ የተሰፋ ኦቨርብሩክዬ ታጥቆ እንደነበረ አያውቅም። ከዚያ የረጠበውን ጨርቅ መዘዝ አድርጎ «ያዥልኝ» ብሎ እጄ ላይ ጣለው። ሞቅ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን የሸናበት ጥጥ ነበር፤ ያ ሽታ ደግሞ ልጅ ላሳደገ ሰው መጥፎ ሽታ አይደለም። እንደያዝኩት ቆሜ ቀረሁ፤ ልቤ ኦስዶርፕ ሄዷል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሆላንድ ከገባን ሁለት ዓመት ቢሆነን ነው። አምስተርዳም ኦስዶርፕ ውስጥ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ሣር፣ ከሣሩ ማዶ የእኛኑ የመሰለ ሌላ ፎቅ የሚታይበት በረንዳ ያለው ቤት ደርሶን ነበር። አባዬ የሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ የሥራ ባልደረባው በመኪናው ይዞት እኛ ሳንነሳ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጫማውን ሳይፈታ ሶፋ ላይ ያንቀላፋል። እማዬ ሆዷ ገፍቶ ማጎንበስ እስኪያቅታት ድረስ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ሥራ ስታቆም ግን እጇ አላርፍ አለ፤ ያረጁ አንሶላዎችንና የአባዬን ካናቴራዎች ሰብስባ፣ እየቀደደችና እያጠፈች፣ ጠርዛቸውን በእጇ እየሰፋች አንድ መሳቢያ ሙሉ የሽንት ጨርቅ አዘጋጀች። የሚጣለውን ዳይፐር «ወረቀት» ነበር የምትለው፤ የሰው ልጅ ቂጥ ወረቀት ላይ ተቀምጦ አያድግም ባይ ናት። ለውጪው የሚሆን ደግሞ ገበያ ወጥታ የገላ መታጠቢያ መጋረጃ ገዛች። ዳክዬ ያለበትና ዓሣ ያለበት ነበር፤ እኔ ዳክዬውን ብመርጥም «ወፍ ነው» ብላ መለሰችው፣ ዓሣውን ቆረጠችና በወገቡና በጭኑ በኩል ላስቲክ አስገብታ ስድስት ትንንሽ ሱሪ ሰፋች። የተረፈውን ቁራጭ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ሰቀለችው፤ እስከ ጉልበታችን እንኳ ስለማይደርስ ገላችንን በታጠብን ቁጥር ውኃው ኮሪደሩን ያዳርሰው ነበር።

ወፍ የፈራችበትን ምክንያት ያገራችን እናቶች ያውቁታል። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ጨርቁ ውጭ ተሰጥቶ ወፍ በላዩ ካለፈበት፣ ልጁን የወፍ በሽታ ይይዘዋል፣ ዓይኑም ገላውም ቢጫ ይሆናል ይባላል። አዲስ አበባ ብንሆን ከጎረቤት አንዱ ዓይኑን ይጥልልን ነበር። ኦስዶርፕ ግን ከስሎተርፕላስ ሐይቅ የሚነሱት፣ ድመት የሚያካክሉት፣ ሰው የማይፈሩት ነጫጭ የባሕር ወፎች የእኛን በረንዳ መንገዳቸው አድርገውታል። ጨርቁን ቤት ውስጥ እናድርቀው እንዳይባል ደግሞ እማዬ ፀሐይ ያልመታው ጨርቅ ቂጥ ያቆስላል ትላለች፤ እሷ ራሷ ደግሞ አራስ ስለሆነች ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሳ ደጅ አትወጣም። ስለዚህ ናቲ በሐምሌ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ሲወለድ፣ እኔ ያለ ምንም ውድድር የሽንት ጨርቅ ዘበኛ ሆኜ ተሾምኩ።

መሣሪያዬ አንድ በርጩማና የአባዬ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነበር። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ወፍ ስትመጣ ጃንጥላውን ከፍቶ ማባረር፣ ካመለጠችና በጨርቁ በላይ ካለፈች ግን ሁሉንም አውርዶ እንደገና ለእጥበት መስጠት። ሥራዬን እንደዚያ ሰሞን ያከበርኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። ጨርቆቹን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር፤ ሰማያዊ መስመር ያለው ከእኔ አንሶላ የመጣው፣ አንገቱ ገና ያልተፈታው የአባዬ ካናቴራ፣ ከመፈላቱ ብዛት የሳሳው ነጩ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ይነሱና እርጥብ ጫፋቸው ፊቴን ይመታኛል፣ የሳሙናና የፀሐይ ሽታ ይሸተኛል፣ እኔም ጃንጥላዬን አቅፌ ከንጉሥ ዘበኛ የማላንስ ሰው እሆናለሁ።

እዚህ አገር ሴት ስትወልድ ክራምዞርግ የሚባል አለ፤ ለሳምንት ያህል በየቀኑ ቤት መጥታ እናትንም ልጅንም የምታይ፣ የምታጥብ፣ የምታበስል ሴት ይልካሉ። ለእኛ የመጣችልን ዊልማ ትባላለች፤ ሽበቷን ያሳጠረች፣ ክንዷ የዳቦ ጋጋሪ የሚያክል፣ በብስክሌት መጥታ ሦስት ደርብ ሳያለከልካት የምትወጣ ሴት ነበረች። መሳቢያውን ከፍታ የእማዬን ጨርቆች ስታይ እማዬ ቁጣ ጠብቃ አንገቷን ደፋች። ዊልማ ግን ባለ ዓሣውን ሱሪ አንስታ ገለባበጠችው፣ ላስቲኩን ሳብ ለቀቅ አደረገችው፣ እናቷ ስድስት ልጆች በጨርቅ እንዳሳደገች አወራችንና ልኩን በወረቀት ቀድታ ወሰደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ «እሳቸው» እንጂ ሌላ ብላ ጠርታት አታውቅም፤ ዊልማ አማርኛ ባትሰማም «ይቀመጡ፣ ይጠጡ» ትላታለች፣ እኔ «እሷ» ስል ደግሞ ዓይኗን ታፈጥብኛለች። ሁለቱ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አልገባኝም ነበር፤ ጎን ለጎን ቆመው በትልቁ ድስት ጨርቅ ሲያፈሉ ግን የድሮ ጎረቤታሞች ይመስሉ ነበር።

ዊልማ በመጣች በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ጠና። ከታች ሣሩ ላይ የሰፈር ልጆች የፕላስቲክ መዋኛ ነፍተው ውኃ ሞሉበት። እኔ በጃንጥላዬ ሥር ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ እነሱ ይንቦጫረቃሉ፣ ከዚያም አንዷ ቀና ብላ በእጇ ጠራችኝ። ወፍ የሚባል ነገር አይታይም፤ ለአምስት ደቂቃ ብሄድ ምን ይመጣል ብዬ ወረድኩ። አምስቱ ደቂቃ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ቀሚሴ እያንጠባጠበ ስመለስ ግን አንድ ትልቅ ወፍ የበረንዳው ብረት ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ ላይም ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። እሪ ብዬ ማባረር ሲገባኝ ድምፄን አጥፍቼ በቀሚሴ ጠረግኩት፤ ሁሉንም ለእጥበት መስጠት ሲገባኝ፣ የት ነበርሽ እንዳልባል ብዬ፣ የተጠረገውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፌ ከሌሎቹ መሐል ከተትኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ዊልማ ናቲን ወደ መስኮቱ አቀረበችው። አፍንጫውን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችና ደግማ አየች። ጣቷ የነበረበት ቦታ ቢጫ ነበር። አዋላጇን በስልክ ጠራቻት፣ ከተረከዙ ደም ተወሰደ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ እማዬ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታ፣ በአራስ ገላዋ፣ ናቲን አቅፋ ወደ ሆስፒታል ሄደች። እኔና ዊልማ ቀረን። መታጠቢያ ቤት ገብቼ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ጨርቅ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፍኩና አሸው ጀመር፤ ሲጠራልኝ እሱም ይጠራል የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቷል። ወንድሜን ገድዬዋለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

ዊልማ መጥታ የገንዳው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። በዚያ የትምህርት ቤት ደችኛዬ፣ እኔ ውኃ ውስጥ ነበርኩ፣ ወፍ መጣ፣ ጨርቁ ላይ አደረገ፣ እሱ ቢጫ ሆነ አልኳት። አልሳቀችም። ብዙ ሕፃን እንዲህ እንደሚሆን፣ ነገሩ ጉበቱ ገና ስላልጠነከረ እንጂ ከወፍ እንዳይደለ፣ መብራት ሥር አስተኝተውት እንደሚያድኑት ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም። እሷ ምን ታውቃለች፣ አበሻ አይደለችም።

ከሁለት ቀን በኋላ ናቲ ወተት የጠገበ ፊቱን ይዞ ተመለሰ። ዊልማም ብስክሌቷን አስራ ወደ ላይ ወጣች፤ እማዬን አልጋዋ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ አባዬንና እኔን ጠርታ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ፊታችን ቆመች።

«በዚህ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ ስለ አንድ ወፍ ነግረውኛል» አለች።

እማዬ አንገቷን ሰበረች። ለካ ወልዳ ከሆስፒታል በተመለሰች በማግሥቱ፣ እኔ ምሳ ስበላ፣ ቤቱ አፍኗት ነጠላዋን ደርባ በረንዳ ወጥታ ኖሯል፤ ዓይኗን ጨፍና ፀሐይ ስትሞቅ ጥላ ባናቷ አልፏል፣ አራስ ሆነሽ ምን ልትሠሪ ወጣሽ እንዳትባል ዝም ብላለች። አባዬ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ማታ ግድም ተካኝ ብዬው፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶት፣ የነቃው ወፉ ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ነው። እሱም ዊልማን በር ላይ ጠብቆ በሹክሹክታ ተናዞላታል። ሦስታችንም ተያየን። መጀመሪያ አባዬ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ እማዬ የሆዷን የወሊድ ስፌት በእጇ ይዛ «ተው አታስቁኝ» እያለች ሳቀች። እኔ መጀመሪያ አለቀስኩ፤ እናንተም? ብዬ፣ ተናድጄም ደስ ብሎኝም፣ ከዚያ ነው የሳቅኩት።

ዊልማ የጉበቱን ነገር እንደገና ከሥር መሠረቱ አስረዳች። እማዬ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች፣ ገባኝ አለች፣ አመሰገነች። ዊልማ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ጃንጥላውን እንዳትረሺ» አለችኝ።

በርጩማዬን ይዤ ወደ በረንዳው ስወጣ ዊልማ ከኋላዬ መጣችና ጃንጥላውን ከእጄ ወሰደችው። «ዛሬ እኔ እጠብቃለሁ፤ አንቺ ሄደሽ ተጫወቺ» አለች። ከታች፣ እስከ አንገቴ ውኃ ውስጥ ሆኜ ቀና ስል አየኋት፤ ያቺ ግዙፍ ሴት በእኔ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በፀሐይ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ወፍ በቀረበ ቁጥር ብድግ ብላ «ክስስት!» ትላለች። በነገሩ ቅንጣት ታህል አታምንም ነበር። ጨርቁ እስኪደርቅ ግን አልተነሳችም።

ይህን ለናቲ ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀና «ዱስ ጥፋተኛው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እማዬ ብትኖር ትመልስለት ነበር፤ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አሁን እኔ ስፈራ ስልኬን ከፍቼ አነብባለሁ፣ መልሱ ወዲያው ይመጣል፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ትክክለኛውን መልስ ዊልማም ሰጥታኝ ነበር። ነገር ግን መልሱ ልቤ እንዳልገባ አይታ፣ ፍርሃቴን ተቀብላኝ ፀሐይ ላይ ተቀመጠችልኝ፤ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው ከእሷ ወዲህ ብዙ አላገኘሁም።

ዊልማ ሥራዋን በጨረሰችበት ቀን እማዬ አዲስ ነጠላ አልብሳ ሸኘቻት። እኔ እንዳትሄድ ስለፈለግኩ፣ በመሄዷም ስለተናደድኩባት፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። መጥታ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፣ ስሜን ጠርታ ደህና ሁኚ አለችኝ፣ ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከበሩ ማዶ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። አልመለስኩላትም።