«ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ» ዕቃ የኛን ሶኬት አያውቅም

ዛሬ ባለቤቴ አስም ተነስቶባት ትንፋሽ አጥሯት ሳለ፣ ትናንት የገዛሁት የመተንፈሻ ማሽን ገመዱ ሶኬት ውስጥ አልገባም አለ!

ገመዱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፤ የካዛንቺስ ቤታችን ሶኬት ግን ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው።

ካርቶኑን ራሴ አነበብኩት (የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፣ በቃ ከእንግዲህ እኔን የሚሸውድ የለም)። «ለኢትዮጵያ ገበያ የተዘጋጀ» ይላል፣ ያውም በአማርኛ!

ሱቁ ሮጥኩ። ሻጩ፣ «ጋሼ፣ አዳፕተር ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አልቋል» አለኝ።

«ለየትኛዋ ኢትዮጵያ ነው ያዘጋጃችሁት?» ብዬ ጮኼበት ስመለስ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ የገመዱን ጫፍ ቆርጠው፣ ሽቦውን በክብሪት እንጨት ሶኬቱ ውስጥ ወትፈውታል። ማሽኑ ሠራ። ባለቤቴ እየተነፈሰች ነው፤ እኔም ሽቦው እንዳይወልቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

የሰው ትንፋሽ በክብሪት እንጨት ይያዛል እንዴ? እናንተስ ቤት ምን ተወትፏል?