ቂጡ ያልተጣመመው የምሳ ዕቃ

የበያጁ ሚስት የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ መቀየር ሰልችቷታል። ባሏ ቀዝቃዛ ምግብ ከጉሮሮው አይወርድለትም፤ ጋራዡ ውስጥ ምሳውን ከነዕቃው የጋለ ጄኔሬተር ላይ አስቀምጦ ያሞቃል። «ስንቴ ልንገርህ? ፕላስቲክ ከተጣመመና ሽታ ከያዘ ይጣላል እንጂ አይበላበትም!» እያለች ትጮህበታለች። እሱ ይስቃል። ወር ሳይሞላው የዕቃው ቂጥ ተጣሞ ይመጣል፤ እሷም እየተራገመች ትጥለዋለች።

ዛሬ ባሏ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ዕቃውን ልታጥብ ገልበጥ አደረገችው። ከተገዛ ወራት አልፈውታል፤ ቂጡ ግን ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

«ተመስገን፣ በስተርጅና ምክር ሰማ!» አለች በሆዷ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ለካ ቱታውም የተቃጠለ ብረት መሽተት ካቆመ ሰነባብቷል።

«ምሳው እንዴት ነበር?» አለችው ዞር ሳትል።

«ሞቅ አድርጌ፣ ጥርግ አድርጌ በላሁት።»

«ጄኔሬተሩ ላይ?»

«ታዲያ የት ላሙቀው?» አለ። እንደ ወትሮው ግን አልሳቀም።

ጋራዥ ካልሄደ የት ነው የሚውለው? ጥያቄውን ለራሷ ይዛ ዕቃውን አለቅልቃ ደፋችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀዝቅዞም የሚበላ ምግብ ቋጠረችለት።