የአባቴ ምላስ

በጃንሆይ ጊዜ፣ ሱሉልታ ድንጋይ በምፈልጥበት ዘመን፣ የአባቴ ቁስል ቦታ ይቀያይር ነበር። የብብቱ ሲደርቅ ጭኑ ላይ ይወጣል። ሰውነቱም አለቀ። ሰው «ቁምጥና ነው» ብሎ ሸሸን። አዲስ አበባ ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠው አንድ ኮት የለበሰ ሰው ብቻ ነበር።

አባቴን ብዙ ካየው በኋላ፣ «አባባ፣ እባክዎ ምላስዎን ያውጡልኝ» አለው።

አባቴ የተከበረ አስታራቂ ሽማግሌ ነው። የሰውየውን ኮሌታ ያዝኩት።

«በማን ላይ ነው የምትቀልደው?»

«ሐኪም ነኝ። እንዲህ ያለ ቁስል ውጭ አገር ስማር አንዴ አይቻለሁ። ምላሳቸውም ከቆሰለ፣ ቆሽታቸው ላይ ያለ ዕጢ ነው ቆዳቸውን የሚያቆስለው። በቀዶ ጥገና ይወጣል።»

«ዲሲ!» አለኝ አባቴ በኦሮምኛ፤ ልቀቀው ማለቱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን አወጣ። ቆስሎ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ኦቦ ቱሉ፣ የዛሬው ዳኝነት በምላስ ነው እንዴ?» አለው አባቴን አንዱ ከኋላ። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ።

ሐኪሙ ሆስፒታል አስገባው። ሽንቱ ስኳር ተገኘበት፤ ሆዱ ሲከፈትም ዕጢው እዚያው ቆሽቱ ላይ ነበር። ተቆርጦ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ቁስሉ ደረቀ።

በዓመቱ ሐኪሙ ሊጠይቀው ሱሉልታ መጣ። አባቴ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። ሲያየው ብድግ አለ። ሰላም ሊለው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምላሱን አወጣለት።