ግራዝማቹን የዘለለችው እህቴ

ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ቤቱ ጭር ስላለ፣ የጎረቤት ልጆች ጓሮ ካለው የጭድ ክምር ላይ ሲዘሉ እግራቸው የሚያሰማው ድፍ የሚል ድምፅ እስከ መኝታዬ ይደርሳል። ድምፁ ለእኔ የልጆቹ አይደለም፤ የታላቅ እህቴ የአትጠገብ ነው። ባለቤቴ ታሪኳን ደጋግሞ ያስነግረኝ ነበር፤ አሁን የሚጠይቀኝ የለምና ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

ዘመኑ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ የሠራበት ነበር፤ እኛ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ገብስ ከሚበቅልበት ደጋ ነበርን። ክረምት ገብቶ ጅረታችን ሲሞላ፣ ወንዶቹ በየት እንሻገር እያሉ ቆመው ሲጨቃጨቁ፣ አትጠገብ ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ፣ ሮጣ መጥታ ከማዶ ታርፍ ነበር። ስትመለስም የበጎቹን በረት በበሩ ሳይሆን በአጥሩ ላይ ትገባ ነበር። እናቴ «ምነው ፍየል ወልጄ ኖሯል?» እያለች ትጮህ ነበር፤ አባቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይስቅ ነበር።

በኅዳር ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ፣ አውድማው ዳር ጭድ እንቆልልና ሁለት ልጆች ዱላ አግድም ይይዙላት ነበር። ዱላው ከደረታቸው ወደ አገጫቸው፣ ከአገጫቸው ወደ ግንባራቸው ከፍ እያለ ሲሄድ እሷ ሳትነካው ታልፍ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ሞክረው በጉልበታቸው ሲመቱት «ዱላው ተንቀሳቅሶ ነው» ይሉ ነበር። በሴት ልጅ ተሸነፍኩ ከማለት፣ ዱላ እግር አውጥቶ ሄደ ማለት ይቀልላቸው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነበር፤ ሰው መዝለል። ሰውን የተሻገረ በመጣበት በኩል ካልተመለሰ፣ የተሻገሩት ሰው አያድግም፣ እንዳለ ይቀራል ይባል ነበር። አንድ ቀን ተጋድሜ ሳለሁ ዘልላኝ ስትሮጥ፣ «ተመለሺ! ድንክ ሆኜ ልቀር ነው!» ብዬ እሪ ብያለሁ። የሚያስቀው ይህን ትልልቆቹም ማመናቸው ነበር።

ከትልልቆቹ አንዱ ግራዝማች ቸኮል ነበር። ማዕረጉን የሰጠው ጣሊያን ነው፤ ከዚያ በፊት በሰው ሠርግ ላይ ሳይጠሩት ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ ፊታውራሪ ለመባል ይቋምጥ ነበር። በዚያ ዓመት አባቴን ጠመንጃ ደብቋል ብሎ ጠቁሞ ምሽጉ ውስጥ አሳሰረው። ከዚያ ምሽግ በሕይወት የሚወጣ ጥቂት ነበር። ሰውዬው ይባስ ብሎ ቤታችን መጥቶ፣ የእናቴን ጠላ እየጠጣ፣ «አይዞሽ እቴ፣ እኔ አለሁ። ለጣሊያኖቹ በዓል ጨዋታ አለ፤ ልጅቷ ትዝለል፣ ሹማቸው ደስ ካለው ስለ አባቷ እለምንልሻለሁ» አላት።

ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ወረድን። ወታደሮቹ ሁለት እንጨት ተክለው ገመድ ወጥረው ነበር፤ አትጠገብ በባዶ እግሯ ከሁሉም በላይ ዘለለች። ሹሙ አጨብጭቦ በአስተርጓሚ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። አፏን ሳትከፍት ግራዝማች ቀደመና፣

«ኧረ ጌታዬ፣ ለእሷ ከረሜላ ይበቃታል!» አለ።

ሁሉም ሳቁ፤ ከረሜላውንም ሰጧት። እናቴ ከጎኔ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች።

ሹሙ ጨዋታው ጥሞት፣ ሰውስ መዝለል ትችል እንደሆነ ጠየቀ። ግራዝማች ሌላ ሰው እስኪጠራ አልጠበቀም፤ ካባውን እንደ ለበሰ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ። አትጠገብ ሮጣ መጥታ፣ በላዩ አልፋ፣ ከወዲያ አረፈችና እዚያው ቆመች። ከሕዝቡ መካከል አንዲት አሮጊት፣ «እሰይ! ፊታውራሪነቱ እዚሁ ቀረ!» አሉ።

ግራዝማች ያን ጊዜ ገባው።

«ተመለሺ አንቺ!» አለ፣ እንደ ተንበረከከ።

«አባቴ ከምሽጉ ይውጣና እመለሳለሁ፣ ግራዝማች።»

«አሁን ዝለይ ነው የምልሽ!»

«ደከመኝ ጌታዬ። ከረሜላዬን ልብላበት።»

አስተርጓሚው የአገር ልጅ ነበርና ሳቁን በሳል ሸፍኖ፣ ልጅቷ ደክሟታል ብሎ ለሹሙ ነገረው።

የአገሩን ሰው ሲያሳስር ፈጣሪን ያልፈራው ሰው፣ ሹመቴ አያድግም ብሎ ፈራ። የዘለለችው እሷ ናትና መመለስም የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ ሊነካት አልደፈረም። ዓቢይ ጾም እስኪጋመስ ምሽጉ በር ላይ ሲመላለስ ከርሞ፣ ራሱ የጠቆመውን ሰው «ተሳስቼ ነው» ብሎ ራሱ አስፈታው። አባቴ ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ግን በእግሩ እየሄደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ግራዝማች ካባውን ትቶ፣ ሰው እንዳያየው በበረታችን ጀርባ መጣ። አትጠገብ እንቢ ልትል ነበር፤ አባቴ ግን «ቃል ነው ልጄ፣ ፈጽሚለት» አላት። ግራዝማች እንዳትስተው ሰግቶ ግንባሩን መሬት አስነካ። መዝለል አላስፈለጋትም፤ እንደ ወደቀ ግንድ ተራምዳው ውሃ ልትቀዳ ወረደች።

ጣሊያን ሲወጣ ያ ሰው አርበኛ ነበርኩ ብሎ በየበዓሉ ከፊት ይቀመጥ ነበር፤ ተንበርክኮ ያየው ሕዝብም ተነሥቶ ወንበር ይለቅለት ነበር። አትጠገብን በዓመቱ ዳሯት፤ ባሏ ለሴት ነውር ነው ስላለ ዳግመኛ ሳትዘል አረጀች።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ሜዳ ላይ ልጃገረዶች ቁምጣ ለብሰው፣ ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎላቸው ሲዘሉ አያለሁ። የክብር ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ዛሬም ጉድጓድ እንኳ መሻገር የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ግን በዝላያቸው የሚያስፈቱት አባት የለባቸውም፤ ዘለው፣ ውሃቸውን ጠጥተው፣ እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።