ጀርባው መርፌ ያለው ሜዳሊያ

እህቴን የሰፈሩ ሰው «የሙታን ደላላ» ይላታል። ፊት ለፊቷ አይደለም፤ ፊት ለፊቷ የሚደፍራት የለም። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። ሰዎች የአያቶቻቸውን ሜዳሊያ በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡላታል፤ እሷ ደግሞ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ የት እንደዘመተና ምን እንደደረሰበት ታጣራለች። ጦርነቱ የእኛ አልነበረም። ቅኝ የገዙን ሰዎች ከመሰሎቻቸው ጋር ሲጣሉ የእኛን ወንዶች በመርከብ ጭነው፣ ባሕር ማዶ ወስደው ያዋጉት ጦርነት ነው። ስንቱ በማያውቀው አገር አፈር በላ፤ ለቤተሰቡ የደረሰው አንድ ክብ ብረት ነው።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከክፍሏ ትይዩ ስለሆነ ሥራዋን ከሥራዬ እኩል አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የሜዳሊያውን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ታያለች፤ የወታደሩ ቁጥር የሚቀረጸው እዚያ ነው። ስስ ወረቀት ታለብሰውና በእርሳስ ስታሸው ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ቤተሰብ ግን እንዲያብረቀርቅለት ብሎ በአመድና በአሸዋ ሲፈትገው ይኖርና ጠርዙን ልሙጥ አድርጎ ያመጣዋል። ያኔ ደሟ ይፈላል። «በክብር ገደላችሁት» ብላ ሰውን ታስደነግጣለች።

ቀጥላ ጀርባውን ትገለብጠዋለች። ለሟች ቤተሰብ በፖስታ የተላከ ሜዳሊያ ጀርባው ባዶ ነው፤ የሚሰካበት ደረት ስለሌለ መርፌ አልተበጀለትም። በሕይወት ለተመለሰው ግን በሰልፍ መሐል ደረቱ ላይ ይሰካለት ስለነበር ማያያዣ መርፌ አለው። ሁለቱም የተሠሩት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ሲዋጋ ሜዳሊያ ያጠለቀ ማንም አልነበረም።

አባታችን፣ አባባ የምንላቸው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አባታቸው ወደዚያ ጦርነት ሲጫን እሳቸው ገና ጡት አልጣሉም። ቀድሞ የተመለሰ አንድ ቁስለኛ «ከጎኔ ወደቀ» ብሎ መርዶውን አመጣ። እናታቸው አለቀሰች፣ ከል ለበሰች፣ ውሎ አድሮም አንድ ጋሪ ነጂ አገባች። ደግ ሰው ነበር፤ አባባ አንድም ቀን በክፉ አንስተውት አያውቁም። ጥርሳቸውን በሚለውጡበት ዕድሜ ላይ ሳሉ ደግሞ አንድ የከሳ ሰው ቤታቸው መጣ። የአባትህ ጓደኛ ነኝ አላቸው። ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው፣ አባትህ ለልጄ አድርስልኝ ብሎኛል ብሎ ሜዳሊያውን ሰጣቸው፣ አንገታቸው ሥር ስሟቸው ሄደ። ይህን ታሪክ ሰምተን ሰምተን በቃላችን ይዘነዋል። አባባ ሲነግሩን ሁልጊዜ «ጺሙ ሲኮሰኩሰኝ አሁንም ይታወቀኛል» ይሉ ነበር፤ ዓይናቸውም እንባ ያቀርር ነበር።

የመርፌውን ነገር አስቀድሜ ስለነገርኳችሁ እናንተ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን የሰው ጭንቅላት ከላይ ከላይ እንጂ ውስጡን አልሠራም፤ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ የመጣው ማዘጋጃ ቤቱ የመታሰቢያ ግድግዳ ሲያሠራ ነው። በዚያ ጦርነት የሞቱት ሰዎች ስም እብነ በረድ ላይ ሊቀረጽ ሆነ። ስም የሚገባው ሞቱን እህቴ አጣርታ ከፈረመችበት ብቻ ነው። አባባ በዚያን ጊዜ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር፤ ልባቸው ውኃ ይቋጥር ጀመር፣ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ሐኪሙ ብዙም ተስፋ አልሰጠንም። እሳቸው የሚያወሩት ግን ስለ ግድግዳው ብቻ ነው። የአባቴ ስም ተቀርጾ በጣቴ ሳልዳስሰው እንዳልሞት እያሉ እህቴን ለመኗት። እሷ ገና እያጣራሁ ነው ትላለች። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ሆድ ባሳቸው።

«ለባዳው ሁሉ ስታጣሪ እጅሽ ይፈጥናል» አሏት አንድ ቀን። «ለእኔ ሲሆን ተሳሰረ።»

ከዚያ በኋላ ፊት ነሷት። መድኃኒት ይዛ ስትገባ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እኔ ስገባ ይገልጣሉ። እህቴ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ትራሳቸውን አስተካክላ ትወጣለች። አንጀቴን በላችው፤ አናደደችኝም። የደንበኛዬን ፀጉር ግማሽ ላይ ትቼ ክፍሏ ድረስ ሄድኩና አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኳት። ደንበኛዬ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

እህቴ የአያታችንን ሜዳሊያ ከመሳቢያዋ አወጣችና ገልብጣ ሰጠችኝ። መርፌው አለ። ጫፉ በአገልግሎት ብዛት ጎብጧል።

ያኔ ሁሉንም ነገረችኝ። ቁጥሩን ይዛ የድሮውን ጦር መዝገብ ስታገላብጥ አያታችንን ከሟቾች ጋር አላገኘችውም፤ ያገኘችው ከጡረተኞች ጋር ነው። ባቡር ጣቢያ ባለባት ከተማ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ብቻውን ኖረ፤ ሚስት አላገባም፣ ሌላ ልጅ አልወለደም። እዚያው ሞተ፤ የቀበረው ማዘጋጃ ቤት ነው። አባባ ሾፌር ከሆኑ በኋላም በሕይወት ነበር። እዚያች ከተማ ደግሞ አባባ ስንት ዘመን ጭነት አራገፉ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

ፈርሚላቸው አልኳት። ነገ ከነገ ወዲያ የሚሞቱ ሰው ናቸው፣ አንድ ስም ግድግዳ ላይ ቢጨመር ማን ይጎዳል? እህቴ ስለ ፊርማዋ ትሟገተኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ነገር አሰበች።

«አባባ አባታቸውን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናፍቁ ኖሩ» አለች። «ያቀፋቸው ሰውዬ አባታቸው እንደሆነ ሳያውቁ ይሙቱ?»

ይህን ስትል እኔም ልቤ ተረታ። እውነት መሰለኝ። ለሚሞት ሰው ከእብነ በረድ ይልቅ ይሄ ይሻለዋል ብዬ አብሬያት ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ እስከ አልጋው ድረስ ገብታለች። አባባ እህቴን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሜዳሊያውን መዳፋቸው ላይ አድርጋ፣ በአውራ ጣታቸው መርፌውን አስነካቻቸው። ቀስ ብላ፣ ለደንበኞቿ እንደምታስረዳው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሰውዬው ጓደኛው አልነበረማ» አሉ በመጨረሻ።

«አልነበረም፣ አባባ። ራሱ ነው። ሊያይዎት መጥቶ ነው።»

እህቴ ፊታቸው እስኪበራ ትጠብቃለች። ጎንበስ ብላ እንደ ልጅ አፍጥጣ ስታያቸው አየኋት፤ እኔም እጠብቅ ነበር። አባባ ሜዳሊያውን መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት።

«አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «ለእናንተ ነግሬያችሁ አላውቅም፤ ቁም ነገር አይመስለኝም ነበር። ገና ከበር ሳይገባ፣ አባትህ የት ነው አለኝ። እኔ ያኔ የማውቀው አባት ጋሪ ነጂውን ነው። ከእናቴ ጋር ወፍጮ ቤት ሄዷል፣ አሁን ይመጣል አልኩት። ቁጭ አለና ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ነው፣ የአባትህ ጓደኛ ነኝ ብሎ ከደረቱ ላይ ነቅሎ የሰጠኝ።»

«ልጅ ነበሩ እኮ፣ ምን ያውቃሉ» አለቻቸው እህቴ። እኔ እጃቸውን ያዝኩ። በረዶ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳውን አላነሱም። እህቴንም ፊት አልነሷትም፤ መድኃኒቱን ከእጇ ይቀበላሉ፣ ተባረኪ ይሏታል። ብዙም አልቆዩ፤ እዚያው አልጋ ላይ አረፉ። እስከዚያ ድረስ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ነርሷም ትሁን ጎረቤት፣ ከትራሳቸው ቀና ለማለት እየታገሉ «አስገቡት፣ እንዳይሄድ» ይሉን ነበር።