አትስማኝ ብዬ የለመንኩበት ሳምንት

የነዳጅ ገንዘብ የካናዳዋን ካልጋሪን ባሳበጣት ዘመን እኔ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የዓለም ዜና ኃላፊ ነበርኩ። እንዲህ የሚባል ሹመት የለም፤ ግን ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያውቀኝ። እሁድ እሁድ ከስብከቱ በፊት አሥር ደቂቃ ይሰጠኛል። ሳምንቱን ሙሉ የለቀምኩትን ዜና ይዤ እወጣለሁ፤ እዚህ ጦርነት፣ እዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ወዲያ ደግሞ ረሃብ። ዜናውን የጸሎት ርዕስ አደርግና ጉባኤውን አስጸልያለሁ። «ይኼ ሁሉ ምልክት ነው፣ ዘመኑ እያለቀ ነው!» ስል ሰው ይንጫጫል። ድምፄ ትልቅ ነው፣ አፌም አይያዝም። ሰዎች ሲያለቅሱ ሳይ ደግሞ፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር ራሱ ዜና የሚሰማው ከእኔ የሚመስለኝ ቀን ነበር።

በሥራ ቀን ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ማለትም የጭነት ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ። ኦቨርታይም አልፈልግም ብትል እንኳ የማይለቅህ ጊዜ ነው። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ዛሬ ሥራ ይዞ ይውላል። ምሳ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮው የነዳጅ ዋጋ ጨመረ ሲል ባልደረቦቼ በደስታ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፤ ከተማዋ የምትበላው ከነዳጅ ነው። ለምን እንደጨመረ ማንም አይጠይቅም። እኔ አውቃለሁ፣ የዓለም ዜና ኃላፊ አይደለሁ? ሩቅ አገር ሰው እየተጋደለ ስለሆነ ነው። እሁድ ስለ ጦርነቱ አስጸልይና እዚያው ቆሜ ስለ ሥራው አመሰግናለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም።

እትዬ የምላቸው አንዲት የአስመራ ሴት ነበሩ፣ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው። በአማርኛ የተማሩ ስለሆኑ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ሴት ልጃቸው ቤት፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቸስተርሚር ነው የሚኖሩት። እዚያ ድረስ አውቶቡስ የለም፣ ልጃቸውም እሁድ ሺፍት አላት፤ ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማመጣቸውም የምመልሳቸውም እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ አብረን እንጸልያለን፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እኔ መንገዱን እያየሁ። ታናሽ ወንድሜ አገር ቤት ወታደር ነበር። ከኤርትራ ጋር የሚያዋስነው ድንበር ላይ ከተመደበ ጀምሮ እትዬ ስሙን ሳይጠሩ ያለፉበት እሁድ የለም። እኔ የጸለይኩለት የዓይን ኦፕሬሽናቸው በደህና ስላለቀ ደግሞ «የእሷ ጸሎት ቶሎ ይደርሳል» ብለው ለሰው ሁሉ ያወሩልኛል። አስመራ አንድ ወንድ ልጅ እንዳላቸው አውቃለሁ። ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ያን ሰሞን ድንበሩ ላይ ከሁለቱም ወገን ጦር እየተጠጋ ነው የሚል ዜና መጣ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ቅዳሜ ደወለና «ነገሩ አላማረኝም» አለኝ። ይቺን ብቻ። ወንድሜ ፈሪ አይደለም፤ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። በማግስቱ መድረክ ላይ ስወጣ ወረቀቴን ገልጬም አላየሁት።

«ጌታ ሆይ፣ ከወዲያ ማዶ የተሰለፉትን ወታደሮች ክንዳቸውን ስበር!» አልኩ።

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«አንዳቸውም አይትረፍ! ምድር አፏን ከፍታ ትዋጣቸው!»

«አሜን!»

ሦስት ጊዜ አስባልኳቸው። በመጨረሻው ላይ እየጮህኩ ነበር። እትዬ ከፊት ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲይዙ አየሁ። እኔ ሞኟ ጸሎቱ ነክቷቸው ነው ብዬ ይበልጥ ጮህኩ።

በመልሱ መንገድ እትዬ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ስለ አየሩ ሳወራ፣ ስለ ስብከቱ ሳወራ፣ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን ያያሉ። ቤታቸው ደርሰን መኪናውን ፓርክ ሳደርግ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆዩ።

«ልጄ፣ የኔም ልጅ ወታደር ነው» አሉ። «ከወዲያ ማዶ ነው ያለው።»

አፌ ተሳሰረ። ያ አይያዝም ያልኩት አፌ።

«ድምፁን ከሰማሁ ሦስት ሳምንት አለፈው። ያንቺ ጸሎት ቶሎ እንደሚደርስ ደግሞ ከእኔ በላይ ምስክር የለም።»

አልተቆጡም፣ አልረገሙም። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና ገቡ። ምነው በሰደቡኝ!

የማያምን ሰው ይኼን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። አንቺ እዚህ ካልጋሪ ስለጮህሽ እዚያ ሰው ይሞታል? ይለኛል። እኔ ግን አምናለሁ። ጸሎት እንደሚሰማ እየመሰከርኩ ነው የኖርኩት፤ ሥራም፣ ፈውስም፣ የመኖሪያ ወረቀትም ሲገኝ «ጸልየን ነበር» ያልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ያ ሁሉ ከተሰማ ይኼኛው የማይሰማበት ምክንያት ምንድን ነው? ሰኞ ፎርክሊፍቱ ላይ ተቀምጬ ያ ልጅ ሞቶ ቢሆንስ እያልኩ አንድ ሙሉ ጭነት ያለቦታው አስቀመጥኩ። «ጌታ ሆይ አትስማኝ፣ እባክህ አትስማኝ» እላለሁ በሆዴ። እንዲህ ብሎ የሚጸልይ ክርስቲያን እንዳለ እንጃ።

ማክሰኞ ፓስተሩ ጋ ደወልኩ። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ። ንድድ አልኩ። እኔን ያስጨነቀኝ ያው ልቤ ነው እኮ! አፌ ቀድሞኝ ያመለጠኝ ቃል ቢሆን ምን ነበረበት? ከልቤ ነው ያልኩት። ወንድሜ እንዲተርፍ እነዚያ ሁሉ እንዲያልቁ ፈልጌ ነበር፣ አንድ በአንድ። ይህንንም ነገርኩት።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ቸስተርሚር ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሴት ልጃቸው ናት። አላስገባችኝም።

«እማዬ ምግብ እምቢ ብላለች» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዛ ነው የምትውለው። ፕሊስ፣ ለጊዜው ኮል አታድርጊላት። ሲሪየስሊ።»

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው።»

«ምን ብለሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂያት? ወንድሜ ያለበት አይታወቅም እኮ!»

ወደ መኪናዬ ተመልሼ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ጦርነት ሳወራ አንድ የሞተ ሰው ታይቶኝ አያውቅም ነበር። ይኼን ያህል ሰው አለቀ የሚል ዜና ሳነብ፣ የማየው ምልክቱን ነው፤ ትንቢቱ እየተፈጸመ መሆኑን ነው። የሰው ሬሳ ለእኔ የመጨረሻው ዘመን ሰዓት መቁጠሪያ ሆኖ ነበር። ክርስትና ነው ብዬ የያዝኩት ይኼን ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የእትዬን ወንድ ልጅ ስም ይዤ ዋልኩ። የልጁን ስም ከሴት ልጃቸው ለምኜ ነው ያገኘሁት፤ በሩን ልትዘጋ ስትል። ጭነት ሳነሳ ስሙን፣ ጭነት ሳወርድ ስሙን። ቆሜ እሱን፣ ተቀምጬ እሱን።

እሁድ ደረሰ። እትዬን ላመጣ አልሄድኩም፤ አትደውዪላት ተብያለሁ። አሥር ደቂቃዬ ሲደርስ ወጣሁ። ጉባኤው ስለ ድንበሩ አዲስ ዜና ይጠብቃል።

«ዛሬ ዜና የለኝም» አልኩ። «ባለፈው እሁድ አንዳቸውም አይትረፍ ብዬ ሦስት ጊዜ አሜን አስብያችኋለሁ። የአንዱ ወታደር እናት እዚሁ መሃላችን ተቀምጠው ነበር። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፣ ሁላችሁንም ስማችሁን እየጠሩ ይጸልዩላችኋል። አሜናችሁን አንሱልኝ። እኔም ጸሎቴን አንስቻለሁ።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ተነሳና፣ «እህቴ፣ አንቺ የጸለይሽው ስለ ጦሩ ነው እንጂ ስለ እሳቸው ልጅ አይደለም» አለ፣ ሊያጽናናኝ ብሎ።

«ጦሩ ታዲያ በማን ልጅ ነው የተሞላው?» አልኩት። ትልቅ ሰው ላይ እንደዚያ መጮህ አልነበረብኝም።

አንዳንዱ አለቀሰ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረብኝ፤ የእነሱም ወንድሞች ድንበር ላይ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ማይኩን አስቀምጬ ወረድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የዓለም ዜና ኃላፊ አልነበርኩም፤ ማንም አልሻረኝም፣ እኔው ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የእትዬ ነው። ላንሳው አላንሳው ብዬ አመነታሁ። አነሳሁት።

«ተገኘ!» አሉ። «ወባ ነው! ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። አሁን ከራሱ ጋር አወራሁ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል ድምፁ።»

ቁጭ አልኩ፣ እዚያው ወለሉ ላይ። «ወባ! ወባ! ተመስገን!» እያልኩ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ። በወባ የተደሰተ ሰው ከእኔ በቀር አይኖርም። ይቅር ይበሉኝ ስል፣ «እሱን ተይው አሁን» አሉና ጠየቁኝ።

«ያንቺስ ወንድም እንዴት ነው?»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ወንድሜ ቅዳሜ አልደወለም። አለመደወሉንም ልብ አላልኩም። ከረቡዕ ጀምሮ የእሳቸውን ልጅ ስም ብቻ ነበር የምጠራው፤ የራሴን ወንድም ረስቼዋለሁ፣ ሙሉ በሙሉ።

«እትዬ... እኔ... አልደወልኩለትም» አልኩ።

«በይ ዝጊውና አሁኑኑ ደውዪለት። ከዚያ ንገሪኝ፤ እጠብቃለሁ።»

ሦስቴ ሞከርኩ። በሦስተኛው አነሳ። ሰፈራቸው ኔትወርክ ተቋርጦ ከርሞ ነው፤ ደህና ነው፣ እንዲያውም ካልሲ ላኪልኝ አለኝ። ሰድቤው፣ ስሜው፣ ዘጋሁ። እትዬ ጋ መልሼ ስደውል ገና አንዴ ሳይጠራ አነሱት።

«ደህና ነው» አልኳቸው። «እትዬ፣ እኔ እኮ ረስቼው ነበር። ስሙን እንኳ አልጠራሁለትም።»

«አይዞሽ፣ እኔ አልዘለልኩትም» አሉ። «አንድም ቀን አልዘለልኩትም። ያን እሁድም ቤት ገብቼ ቅድሚያ የጠራሁት የእሱን ስም ነው፤ ከዚያ ነው የልጄን የጠራሁት።»

አሜን ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ።